ሞተሯ የተቀየረ ፎር ዊል ስቴሽን ዋገን ገዝታችሁ ስታስተካክሉ፦ ከየት ተጀምሮ የት ይደረሳል?

ሞተሯ የተቀየረ መኪና የገዛ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ሞተሩ ደህና ነው ወይ?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ግን አይበቃም። ሞተሩም፣ ካምቢዮውም፣ ሻንሲውም ደህና ሆነው መኪናዋ መንገድ ላይ ልታስቀራችሁ ትችላለች። እንዲህ ዓይነት መኪና ላይ ጣጣው የሚበዛው ፋብሪካ የሠራው ክፍልና በኋላ የገባው ክፍል በሚገናኙበት ቦታ ነው። የሞተር ሱፖርቱ፣ የራዲያተር ቱቦው፣ የሽቦው ቅጥያ፣ የነዳጅ መስመሩ፣ የጌጁ ሴንሰር። መሸፈን የምፈልገው በዋናነት እነዚህን መጋጠሚያዎች ነው።

ለምሳሌ እንዲመቸን ቶዮታ ላንድ ክሩዘር 60ን እንያዝ። እ.ኤ.አ. በ1980 ወጥቶ በ1990 ቦታውን ለላንድ ክሩዘር 80 የለቀቀው ማለት ነው። ከፋብሪካ ሲወጣ እንደየገበያው እንደ 2ኤፍ ያለ የቤንዚን ሞተር፣ አለዚያም እንደ 3ቢ እና 2ኤች ያሉ የናፍጣ ሞተሮች ነበሩት። በኋላ ከሚገቡለት አንዱ 1ኤችዜድ ነው። 4164 ሲሲ፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ ቱርቦ የሌለው ናፍጣ። የአሜሪካ ቪ8 ቤንዚን የሚያስገቡለትም አሉ። የእናንተ መኪና ኒሳን ፓትሮል ወይም ሌላ ብትሆንም የሥራው ቅደም ተከተል ብዙም አይለወጥም።

ቁልፍ ከማንሳታችሁ በፊት ያላችሁን እወቁ

ሻጩ «የዚህ መኪና ሞተር ነው» ስላለ አትመኑ። የሞተር ቁጥሩን ብሎኩ ላይ ፈልጉ፣ በሽቦ ብሩሽ አጽዱት፣ ፎቶ አንሱት። ሊብሬው ላይ ካለው ጋር አስተያዩት። ካልገጠመ ሌላ ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ወረቀቱን አስተካክሉ፤ ብዙ ወጪ ከወጣ በኋላ የሚመጣ የወረቀት ጣጣ ያናድዳል።

ቀጥሎ እነዚህን አጣሩ። ሞተሩ ከየትኛው መኪና፣ ከስንት ዓመተ ምሕረቱ የወጣ ነው? ካምቢዮውና ትራንስፈሩ (ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ የሚያካፍለው) የድሮዎቹ ናቸው ወይስ ከሞተሩ ጋር የመጡ? ኤሌክትሪኩ 12 ቮልት ነው ወይስ 24? መለዋወጫ ስትገዙ መለያችሁ የሞተሩ እንጂ የመኪናዋ ሞዴል አይሆንም። የ60 የውሃ ፖምፓ ብላችሁ ብትጠይቁ የሚሰጣችሁ ለድሮው ሞተር የሚሆነውን ነው። ስለዚህ አንድ ደብተር ያዙ። ይቺ ቺንጊያ የዚህ ሞተር፣ ያ ቱቦ የዚያ መኪና እያላችሁ ጻፉ።

የዲፈረንሻሉንም ሬሾ ራሳችሁ ለኩ፤ ሁለቱ ጎማዎች አንዴ ሲዞሩ ፕሮፔለር ሻፍቱ ስንቴ ይዞራል ማለት ነው። ቀላል ነው። ቦታው ሜዳ ይሁን። የፊት ጎማዎችን በደንብ አስደግፉ፣ ማርሹን ዜሮ አድርጉ፣ የእጅ ፍሬኑን ልቀቁ። አንዱን የኋላ ጎማ ብቻ አንስታችሁ ስታንድ ላይ አሳርፉ፤ ክሪክ ላይ ብቻ በቆመ መኪና ስር ማንም አይግባ። ፕሮፔለር ሻፍቱ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጉ። አሁን የተነሳውን ጎማ ሁለት ሙሉ ዙር አዙሩ፣ ሌላ ሰው የሻፍቱን ዙር ይቁጠር። አራት ዙር አልፎ ጥቂት ከጨመረ 4.11 አካባቢ ነው። ሦስት ዙርና ሁለት ሦስተኛ ገደማ ከሆነ 3.70 ነው። ሎክ ያለው ዲፈረንሻል ከሆነ ሎኩ መፈታቱን አረጋግጡ።

የፊቱንም እንደዚሁ ለኩ፤ እዚያ ደግሞ የኋላ ጎማዎች ይደገፉ፣ የተነሳው ጎማ ሀብ (ጎማውን ከአክስሉ ዘንግ ጋር የሚያያይዘው) ሎክ ይሁን። የፊትና የኋላ ሬሾ አንድ መሆን አለበት። አንዱ ዲፈረንሻል ተሰብሮ በሌላ ሬሾ ተተክቶ ከሆነ በሁለት ጎማ ስትነዱ ምንም አይሰማችሁም። ፎር ዊል ያስገባችሁ ቀን ግን ትራንስፈሩና ሴሚያሶቹ እርስ በርስ ይታገላሉ። የጎማ መጠንም እንደዚያው ነው፤ አራቱም እኩል ይሁኑ።

ፈሳሾችና ፊልትሮዎች

እዚህ ላይ ብዙ የሚያከራክር ነገር የለም። የሞተር ዘይት፣ የካምቢዮ፣ የትራንስፈር፣ የሁለቱ ዲፈረንሻሎች፣ የፍሬን፣ የፍሪሲዮንና የመሪ ዘይት፣ የራዲያተር ውሃ፤ ሁሉም ይቀየሩ። «ባለፈው ወር ተቀይሯል» የሚለውን ቃል እርሱት። ዲፈረንሻል ወይም ካምቢዮ ላይ ስትሠሩ መጀመሪያ የሚፈታው የላይኛው የመሙያ ቡሎን ነው። የታችኛውን ከፍታችሁ ዘይቱን ካፈሰሳችሁ በኋላ የላይኛው አልፈታ ቢል መኪናዋ ባለችበት ትቀራለች።

የሚወጣውን ዘይት እዩት። ወተት የመሰለ ከሆነ ውሃ ገብቷል ማለት ነው፤ የመተንፈሻ ቱቦው ተደፍኖ ወይም ተበጥሶ ሊሆን ይችላል። ማግኔቱ ላይ የሚገኝ ለስላሳ ጥቁር ዱቄት የተለመደ ነው። በጣት የሚያዝ ስባሪ ብረት ግን ተከፍቶ መታየት አለበት።

1ኤችዜድ የጊዜ ቺንጊያ (የቫልቮቹን መከፈቻ ጊዜ የሚጠብቅ) ያለው ሞተር ነው። በተለምዶ በ100,000 ኪሎ ሜትር ይቀየራል። ሞተሩ ሌላ መኪና ላይ ስንት እንደሄደ የእናንተ ዳሽቦርድ አያውቅም። ደረሰኝና ቀን የተጻፈበት ማስረጃ ከሌለ ቺንጊያውን ከነመወጠሪያ ኩሽኔታው ቀይሩት። ቢበጠስ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ፤ ያኔ ወጪው ሌላ ነው።

ከመሄድ በፊት ማቆም

አዲሱ ሞተር ከድሮው የበለጠ ጉልበት ካለው ፍሬኑም ያንን መቻል አለበት። ሸራዎቹን፣ ታምቡሮቹን፣ ዲስኮቹን፣ የፍሬን ዘይት የሚያልፍባቸውን የላስቲክ ቱቦዎች እዩ። የፍሬን ዘይቱን አየር እያወጣችሁ ሙሉ በሙሉ በአዲስ ተኩት።

በቤንዚን ፋንታ ናፍጣ የገባላት መኪና ላይ አንድ የተለየ ጉዳይ አለ። የቤንዚን ሞተር ለፍሬኑ ሰርቮ የሚሆነውን ቫኪዩም ከአየር ማስገቢያው ይሰጣል። ናፍጣ ይሄንን አይሰጥም፤ ራሱን የቻለ የቫኪዩም ፖምፓ ይፈልጋል። ይሄ ፖምፓ አንዳንዱ ሞተር ላይ ከዲናሞው ኋላ ተገጥሞ፣ አንዳንዱ ላይ በጥርስ ተያይዞ ይገኛል። መፈተሻው እንዲህ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ፔዳሉ እስኪጠነክር ደጋግማችሁ ርገጡ። እግራችሁን ሳታነሱ አስነሱት። ፔዳሉ በትንሹ ዝቅ ማለት አለበት። ካላለ ሰርቮው አየር ያስገባል፣ ወይ ቱቦው ተቀዷል፣ ወይ ፖምፓው ደክሟል። ከዚያ ሞተሩን አጥፉና ጥቂት ቆይታችሁ ርገጡ፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ለስላሳ መሆን አለበት። መጀመሪያውኑ ከጠነከረ ቫኪዩሙን የሚይዘው ቫልቭ አይሠራም።

መሪው ላይ፣ የመሪ ሳጥኑ ሻንሲውን የያዘበትን ቦታ በመብራት ተመልከቱ። ሰው መሪውን ወዲያ ወዲህ ያወዛውዝላችሁ፤ ሳጥኑ ራሱ ከተንቀሳቀሰ ቡሎኑ ላልቷል ወይም ሻንሲው ተሰንጥቋል። ቴስቲናዎቹን (የመሪ ዘንጎቹን መገጣጠሚያ ጫፎች) በእጅ ያዙና ልቅነታቸውን እዩ። ሞተር ሲቀየር የመሪ ፖምፓው ቱቦ ተቆርጦ የተቀጠለ ከሆነ ቅጥያው በውሃ ቱቦ ማሰሪያ የታሰረ እንዳይሆን። የመሪ ግፊት ያንን ማሰሪያ አይሰማውም፤ በማሽን የተጨመቀ ቱቦ ነው የሚያስፈልገው።

የላንድ ክሩዘር የፊት ጎማ ኩሽኔታ ልል ከሆነ 54 ሚሊ ሜትር ቡሶላ (የዳዶ መፍቻ) ያስፈልጋችኋል። በመሮና በመዶሻ የተመታ ዳዶ ካያችሁ ከእናንተ በፊት የነካው ሰው ቡሶላው አልነበረውም ማለት ነው፤ ስለዚህ ኩሽኔታውንም በትክክል አላጠበቀውም ብላችሁ ጠርጥሩ። ጎማው ከሚዞርበት ክብ ኳስ ላይ የሚንጠባጠብ ቀጭን ጥቁር ግሪስ ካለ ደግሞ የውስጡ የዘይት ማኅተም አልቋል። የዲፈረንሻል ዘይት ወደ ግሪሱ እየገባ ነው። በቶሎ ካልተሠራ መገጣጠሚያውንና ኩሽኔታውን ይበላል።

ሞተሩ የተቀመጠበት፣ ጉልበቱ የሚያልፍበት

ኮፋኖውን ከፍታችሁ ሱፖርቶቹን እዩ። ፋብሪካ የሠራቸው ናቸው ወይስ ጋራዥ የተበየዱ? ብየዳው እኩል፣ የተያያዘ፣ ሁለቱንም ብረት የያዘ መሆን አለበት። ቀለም ስር የተደበቀ ስንጥቅ በዝገት መስመር ይታወቃል። ከዚያ አንድ ሰው ሞተሩን አስነስቶ የእጅ ፍሬን ይያዝ፣ አንደኛ ማርሽ አስገብቶ ፍሪሲዮኑን ቀስ እያለ ይልቀቅ፣ መኪናዋ ልትሄድ ስትል ይመልስ። በኋላ ማርሽም ይድገመው። እናንተ ከጎን ሆናችሁ ተመልከቱ፤ ከመኪናዋ ፊት አትቁሙ። ሞተሩ በትንሹ ቢያዘነብል ያለ ነው። ከፍ ብሎ ዘፍ የሚል ከሆነ ጎሚኒው ተበጥሷል።

ሞተሩ ሲወዛወዝ ምን እንደሚነካ ዱካው ይነግራችኋል። የተፋቀ ቀለም፣ ያብረቀረቀ ብረት፣ የተላጠ ሽቦ፣ ጎኑ የተበላ ቱቦ። በኮፓ ዘይቱ (ከሞተሩ ስር ባለው የዘይት መያዣ) እና በፊት አክስሉ መካከል ያለውን ክፍተትም እዩ። መኪናዋ ሜዳ ላይ ስትቆም ክፍተቱ ያለ ይመስላል። ባሌስትራው ሲታጠፍ አክስሉ ወደ ላይ ይመጣል። ለዚህ ኮፓው ላይ የጭቃ ሸክላ ለጥፋችሁ በጎርባጣ መንገድ ቀስ ብላችሁ ንዱ። ሸክላው ላይ ማኅተም ካገኛችሁ አክስሉ ኮፓውን እየነካ ነው።

ሞተርና ካምቢዮ የተለያየ ዘር ከሆኑ በመሃል አገናኝ ሳህን አለ። ሞተሩና የካምቢዮው ዘንግ መሃላቸው በትክክል ካልገጠመ ካምቢዮው ቀስ በቀስ ይጎዳል። ምልክቶቹ፦ ፍሪሲዮን ስትረግጡ የሚመጣ ጩኸት፣ ፍሪሲዮን ተረግጦም ማርሽ አልገባ ማለት፣ የፍሪሲዮን ዲስክ ያለ ጊዜው ማለቅ። እነዚህ ካሉ ካምቢዮውን ከማውገዝ በፊት ቮላኖው መሃል ላይ ያለችውን ትንሿን ኩሽኔታና የሳህኑን አገጣጠም አስመርምሩ።

ፕሮፔለር ሻፍቱም እንደዚሁ ነው። ሞተሩ ወደ ኋላ ወይም ወደ ፊት ከሄደ ርዝመቱ ይለወጣል። ተንሸራታቹ ክፍል መሃሉ አካባቢ መሆን አለበት፤ ጫፉ ላይ ከሆነ ወይ ይወጣል ወይ ይገፋል። ከትራንስፈሩ የሚወጣው ፍላንጅና ዲፈረንሻሉ ላይ ያለው ፍላንጅ በማዕዘን ሲለኩ ትይዩ መሆን አለባቸው፤ ልዩነቱ ከአንድ ዲግሪ ባያልፍ ጥሩ ነው። በሁለቱ ጫፍ ያሉት መስቀለኛ መገጣጠሚያዎችም በአንድ አቅጣጫ የተሰለፉ ይሁኑ። በተወሰነ ፍጥነት የሚመጣ፣ ከዚያ በላይ ሲሄዱ የሚጠፋ ርግብግቢት ከዚህ ሊመጣ ይችላል። ብዙ ሰው ጎማ ባላንስ እያስደረገ የሚደክመው በከንቱ ነው።

ሬሾው ለአዲሱ ሞተር ይስማማ እንደሆነም አስሉ። የጎማው ዙሪያ 2.4 ሜትር ነው እንበል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ስትሄዱ ጎማው በደቂቃ 694 ጊዜ ገደማ ይዞራል። ዲፈረንሻሉ 4.11፣ አራተኛ ማርሽ አንድ ለአንድ ከሆነ ሞተሩ 2850 ዙር አካባቢ ይሆናል። አምስተኛው ማርሽ 0.85 ከሆነ 2430 ገደማ። ለ1ኤችዜድ ይሄ ምቹ ነው። የቤንዚን ቪ8 ላይ ግን ያው ዙር ነዳጅ ያስበላል። የእናንተን ቁጥሮች አስገብታችሁ ሞክሩት፤ አንዳንዴ የሚያስፈልገው ሌላ ሞተር ሳይሆን ሌላ ሬሾ ነው።

ሙቀት

ሞተሯ በተቀየረ መኪና ላይ ከሁሉም በላይ ጊዜ ስጡት የምለው ይሄንን ነው። ብዙ ጊዜ ራዲያተሩ የድሮው ሞተር ነው፣ ፋኑ የአዲሱ፣ ቱቦዎቹ ደግሞ ከያለበት የተለቀሙ። ከተማ ውስጥ ደህና ትሆናለች። ረጅም ዳገት ላይ፣ ጭነት ይዛችሁ፣ በዝቅተኛ ማርሽ ስትወጡ ግን ጉዱ ይወጣል።

በቀዝቃዛ ሞተር ጀምሩ። የራዲያተሩን ክዳን ክፈቱ፣ ሞተሩን አስነሱ። ገና ሳይሞቅ ያለማቋረጥ አረፋ የሚወጣ ከሆነ፣ ወይም ክዳኑን ዘግታችሁ ባስነሳችሁ በአንድ ሁለት ደቂቃ የላይኛው ቱቦ እንደ ድንጋይ ከጠነከረ፣ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (በቴስታታውና በብሎኩ መሃል ያለው ማሸጊያ) ተጠርጣሪ ነው። ይሄን ሳታጣሩ ራዲያተር አትግዙ።

ክዳኑ ራሱ ርካሽ ነው፤ ሥራው ግን ትልቅ ነው። ላዩ ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር ታያላችሁ። ግፊቱ ነው። በ1 ባር ተጨማሪ ግፊት ውሃ የሚፈላው ወደ 120 ዲግሪ ገደማ ነው። ጎሚኒው የሞተ ክዳን ግፊቱን ስለማይዝ ያው ሞተር ቀድሞ ያፈላል። አዲስ ግዙ፤ ቁጥሩ ለራዲያተራችሁ የሚሆነው ይሁን፤ ከፍ ያለ ቁጥር ይሻላል ብላችሁ አሮጌ ራዲያተር አታስፈነዱ።

ቀጥሎ ፋኑ። የሞተሩ ፋን የራዲያተሩ መሃል ላይ መሆኑን እዩ። ዙሪያውን የሚከበው ሽፋን ሞተር ሲቀየር ወልቆ ይጣላል፤ «አልገጠመም» ይባላል። ያለ ሽፋን ፋኑ አየሩን ከራዲያተሩ ሁሉ አይስብም፤ ከፊቱ ካለው ክብ ቦታ ብቻ ይስባል። በላሜራም ቢሆን አሠሩለት። የፋኑ ምላጭ ግማሽ ያህሉ ሽፋኑ ውስጥ፣ ግማሹ ውጭ ቢሆን ጥሩ ነው። ኤሌክትሪክ ፋን ከሆነ አቅጣጫውን ፈትሹ። ወረቀት ራዲያተሩ ፊት አስጠጉ፤ መለጠፍ አለበት። ወረቀቱ ወደ ውጭ ከተገፋ ሽቦው ተገልብጧል፤ ፋኑም መኪናዋ ስትሄድ ከሚመጣው ንፋስ ጋር እየታገለ ነው።

ራዲያተሩ በውስጥ መደፈኑን ለማወቅ በጨረር የሚለካ ቴርሞሜትር ይጠቅማል። ሞተሩ በደንብ ሲሞቅ ፊቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ለኩት። ሙቀቱ ውሃው ከሚገባበት ወደሚወጣበት ቀስ እያለ መቀነስ አለበት። በመሃል ድንገት ቀዝቃዛ ቦታ ካገኛችሁ እዚያ ያሉት ቱቦዎች ተደፍነዋል።

ቱቦዎቹን ስታዩ የታችኛውን አትርሱ። ፖምፓው የሚስበው በእሱ በኩል ነው። ሞተሩ ዙር ሲሰጠው ታችኛው ቱቦ ከተጣበቀ ውሃው ይቆማል። ከሁለትና ሦስት ቁራጭ የተቀጣጠለ ቱቦም ጊዜያዊ ነው። እያንዳንዱ ቅጥያ ሁለት ማሰሪያ፣ እያንዳንዱ ማሰሪያ አንድ የመፍሰሻ ዕድል ነው። ቅርጹ የሚሆን አንድ ወጥ ቱቦ ፈልጉ።

አየርም አለ። አዲሱ ሞተር ከራዲያተሩ አናት ከፍ ብሎ ከተቀመጠ አየሩ የሚጠራቀመው ሞተሩ ውስጥ ነው። ውሃ ስትሞሉ አፍንጫዋን ዳገት ላይ አቁሙ፣ የማሞቂያውን ቁልፍ ክፈቱ፣ ቴርሞስታቱ እስኪከፍት ጠብቃችሁ ጨምሩ። ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል ይቀናቸዋል አንዳንዶች። አልመክርም። ናፍጣ ቀዝቅዞ ሲሠራ ዘይቱም ይበላሻል፣ ሞተሩም ያልቃል።

ኤሌክትሪክ፦ ሁለት መኪና በአንድ ሽቦ

አንዳንድ የድሮ 60ዎች 24 ቮልት ናቸው። 12 ቮልት ሞተር ሲገባላቸው ዲናሞው፣ ሞተሪኖው፣ የማሞቂያ ካንዴላው 12 ሆነው መጥረጊያውና ጌጆቹ 24 ሆነው ይቀራሉ። ከሁለቱ ባትሪዎች ከአንዱ ብቻ 12 ቮልት እየጠለፉ ሬዲዮ ማሠራት የተለመደ አቋራጭ ነው፤ ባትሪዎቹን እኩል ስለማያስሞላ ሁለቱንም ይገድላል። ለዚያ የተሠራ ቀያሪ ይግባ። ከተቻለ ሁሉም ነገር ወደ አንድ ቮልት ይዙር።

መልቲሜትር አውጡ። መኪናዋ አድራ ባትሪው 12.6 ቮልት አካባቢ ካነበበ ሙሉ ነው፤ 12.2 ከሆነ ግማሽ ገደማ ነው። ሞተሩ ሲሠራ ከ13.8 እስከ 14.4 መሆን አለበት። 24 ቮልት ከሆነ ሁሉንም በሁለት አባዙ።

አሁን ወደ ግራውንድ። ከባትሪ ኔጌቲቭ ወደ ሞተር፣ ከሞተር ወደ ሻንሲ፣ ከሻንሲ ወደ ቦዲ፤ ሦስቱም ወፍራም ሽቦ ይፈልጋሉ። ሞተር ሲቀየር በጣም የሚረሳው ከሞተር ወደ ሻንሲ ያለው ነው። መፈተሻው ይኸው። የመልቲሜትሩን አንዱን ጫፍ የሞተር ብሎክ ላይ ንጹህ ብረት አስነኩ፣ ሌላውን የባትሪው ኔጌቲቭ ራስ ላይ። ሰው ሞተሪኖውን ያዙር። 0.2 ቮልት ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ደህና ነው። ግማሽ ቮልት ከሆነ ሽቦው ወይም መያዣው ደክሟል። ከፖዘቲቩ ራስ እስከ ሞተሪኖው ድረስም ለኩ፤ እዚያ ከ0.5 ቮልት ማለፍ የለበትም። ብዙ «ሞተሪኖው ሞቷል» የተባሉ መኪኖች በአንድ ጠንካራ ግራውንድ ሽቦ ተነስተዋል።

ሌላም ምልክት አለ። ማታ ትልቁን መብራት ስታበሩ የሙቀት ጌጁ ከፍ ካለ ሞተሩ አልሞቀም፤ ግራውንዱ ነው። ፍሬቻ ስታበሩ የነዳጅ ጌጁ አብሮ የሚዘል ከሆነም ያው ነው።

የሽቦ ቅጥያዎቹን አንድ በአንድ ተከታተሉ። ተጠምዞ በፕላስተር የተጠቀለለ ሁሉ ይፈታ፣ በትክክለኛ መገናኛ ተጨምቆ በሙቀት በሚሸበሸብ ላስቲክ ይሸፈን። ከባትሪው በቀጥታ የወጣ ሽቦ ሁሉ ባትሪው አጠገብ ፊውዝ ይኑረው። የድሮው ሞተር የተረፉ ሽቦዎች ተንጠልጥለው ታገኛላችሁ። ወዲያው አትቁረጡ፤ በመልቲሜትር ኃይል እንዳለው ለዩ፣ ስም ጻፉበት፣ ከዚያ ጫፉን ሸፍናችሁ እሰሩት።

ናፍጣ ከሆነች አንዲት ሽቦ ለይታችሁ እወቁ። ፖምፓው ላይ ነዳጅ የሚዘጋ ሶሌኖይድ አለ፤ ኃይል ሲያገኝ ይከፍታል፣ ሲያጣ ሞተሩን ያጠፋል። የዚህች ሽቦ ቅጥያ የላላ ከሆነ መኪናዋ በጎርባጣ መንገድ ላይ ድንገት ትጠፋለች፣ ከዚያ ምንም እንዳልሆነ ትነሳለች። ነዳጅ ተጠርጥሮ ፊልትሮ ሲቀየር ይከረማል። በተቃራኒው ቁልፉ ጠፍቶ ሞተሩ አልጠፋ ካለ፣ ከዲናሞው በኩል ኃይል ወደ ሶሌኖይዱ እየተመለሰ ሊሆን ይችላል።

ጌጆች። የሙቀት ጌጁና ሴንሰሩ ጥንድ ናቸው። የአዲሱ ሞተር ሴንሰር ከድሮው ጌጅ ጋር ሲገናኝ ውሸት ሊናገር ይችላል፤ መርፌው ከእውነተኛው ሙቀት ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ያሳያል። ሞተሩ ሲሞቅ ቴርሞስታቱ ያለበትን ቤት በጨረር ቴርሞሜትሩ ለኩና መርፌው የት እንዳለ ደብተራችሁ ላይ ጻፉ። ክሩ ከገጠመ የድሮውን ሴንሰር ወደ አዲሱ ሞተር ማዛወር ቀላሉ መፍትሔ ነው። ካልገጠመ ራሱን የቻለ ሌላ ጌጅ ጨምሩ። የዙር ቆጣሪው ካልሠራ አትደነቁ። የቤንዚኑ ምልክቱን ከኮይል ነበር የሚያገኘው፤ ናፍጣ ኮይል የለውም። ለናፍጣ የሚሆነው ከዲናሞው ደብሊው ከሚባለው ጫፍ ወይም ከፖምፓው ሴንሰር ይወስዳል።

የዘይት ግፊትን ግን በዳሽቦርዱ አትፍረዱ። ሜካኒካል ጌጅ ለጊዜው ግጠሙ። ሞተሩ በደንብ ሞቆ፣ ቶዮታ ለ1ኤችዜድ የሚጠብቀው በሚኒሞ (ጋዝ ሳይረገጥ) ቢያንስ 0.3 ባር ገደማ፣ በ3000 ዙር ደግሞ ከ2.5 እስከ 6 ባር ነው። ይሄ ቁጥር ስለ ሞተሩ ዕድሜ ከሻጩ ወሬ የበለጠ እውነት ይነግራችኋል።

ነዳጅ፣ አየር፣ ጭስ

የቤንዚን መኪና ናፍጣ ከሆነች ታንኩ ወርዶ መታጠብ አለበት። ናፍጣ መመለሻ መስመር ይፈልጋል፤ ያ መስመር ቀጭን ወይም የተጣመመ እንዳይሆን። ጠዋት ለመነሳት የምታስቸግር፣ አንዴ ከተነሳች ግን ደህና የምትሆን ከሆነ አየር የምትስብበት ቦታ አለ። ከፊልትሮው ወደ ፖምፓው ባለው መስመር ላይ ለጊዜው የሚያሳይ ቱቦ ግጠሙ፤ አረፋው ራሱ ይታያችኋል። ውሃ የሚለይ ፊልትሮ ከሌላት ይግባላት።

የአየሩ መስመር ላይ ቸልተኛ አትሁኑ። ከአየር ፊልትሮው ወደ ሞተሩ ያለው ቱቦ አብዛኛውን ጊዜ በግምት የተገጠመ ነው። ቱቦውን ፈትታችሁ ውስጡን በነጭ ጨርቅ ጥረጉት። ጨርቁ አፈር ካወጣ ፊልትሮውን አልፎ የሚገባ አቧራ አለ፤ ያ አቧራ ፒስተኑንና ሲሊንደሩን እየሞረደ ነው።

ጭስ ማውጫው ከፍሬን ቱቦ፣ ከነዳጅ መስመርና ከወለሉ መራቁን እዩ። ስቴሽን ዋገን ላይ ደግሞ ሌላ አደጋ አለ። የኋላው በር ላስቲክ ካረጀ ወይም የኋላ መስኮቱ ተከፍቶ ከተነዳ፣ ከመኪናዋ ኋላ የሚፈጠረው ሽክርክሪት ጭሱን ወደ ውስጥ ይስበዋል። ኋላ የሚቀመጡት ብዙ ጊዜ ልጆች ናቸው። የካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም። ስለዚህ የኋላ በሩን ላስቲክ ቀይሩ፣ የማርሚታው ጫፍ ከቦዲው ወጥቶ ይቁም፣ ወለሉ ላይ የድሮው ካምቢዮ የተወው ቀዳዳ ካለ ድፈኑት።

ቦዲ፣ ባሌስትራና ማጌጫ

ምንጣፉን አንሱ፣ ወለሉን እዩ። የ60 ዝገት የሚወደው የጣሪያውን የውሃ መውረጃ፣ የፊት መስታወቱን ዙሪያ፣ የኋላ ጎማ ቅስቱንና የኋላ በሩን ነው። ስቱኮ ያለበት ቦታ ማግኔት አይዝም፤ ትንሽ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልላችሁ አስዙሩ። ሞተሩ ከድሮው ከበድ ካለ የፊት ባሌስትራው ጎብጦ ሊሆን ይችላል፤ ግራና ቀኙን ከመሬት ለኩ።

መኪናዋን ከፍ የሚያደርግ ኪት፣ ትልልቅ ጎማ፣ የጣሪያ መብራት፣ ዊንች፤ እነዚህ ሁሉ ያምራሉ፣ እኔም እወዳቸዋለሁ። ግን ይቆዩ። መኪናዋን ከፍ ባደረጋችሁ ቁጥር የፕሮፔለሩ ማዕዘን ይለወጣል። ጎማ ባሳደጋችሁ ቁጥር ሬሾውና ፍሬኑ ይለወጣሉ። ያልተረጋጋ ነገር ላይ አዲስ ነገር ከጨመራችሁ ቀጣዩ ችግር ከየት እንደመጣ አታውቁም።

መሞከር፣ ደረጃ በደረጃ

መጀመሪያ ቆማ ግማሽ ሰዓት ትሥራ። ሙቀቱን፣ የዘይት ግፊቱን፣ መፍሰስ መኖሩን ተከታተሉ። ከዚያ ቤት አካባቢ አጭር መንገድ፣ ባዶዋን። ተመልሳችሁ ከስር ግቡና በንጹህ ካርቶን የሚንጠባጠበውን እዩ፤ ቀዩ፣ ጥቁሩ፣ አረንጓዴው የየራሱ ምንጭ አለው።

ቀጥሎ ዳገት። ሙቀቱ 105 ዲግሪ ካለፈ ጫናውን ቀንሱ፣ ካልወረደ ዳር ይዛችሁ ቁሙ። ፎር ዊሉን የምትሞክሩት አፈር ወይም ጠጠር ላይ ነው፤ ደረቅ አስፋልት ላይ አይደለም። ትራንስፈሩ መሃሉ ላይ ዲፈረንሻል ስለሌለው የፊትና የኋላው አብረው ይታሰራሉ፣ አስፋልት ደግሞ አያንሸራትትም።

ከመጀመሪያዎቹ 100 ኪሎ ሜትሮች በኋላ የጎማ ዳዶዎችን፣ የሱፖርት ቡሎኖችን፣ የፕሮፔለር ፍላንጆችን፣ የመሪ ሳጥኑን እንደገና በቶርክ ሬንች አጥብቁ። ያጠበቃችሁት ላይ ሁሉ በቀለም መስመር አስምሩ፤ ቢላላ መስመሩ ሲዛባ ታያላችሁ። በ1000 ኪሎ ሜትር የሞተር ዘይቱንና ፊልትሮውን ድጋሚ ቀይሩ። የወጣውን ፊልትሮ ቆርጣችሁ ወረቀቱን ዘርጉና በፀሐይ ብርሃን እዩት። የሚያብረቀርቅ ቢጫ ወይም የነሐስ ቅንጣት ከኩሽኔታ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ሩቅ መንገድ ከመሄዳችሁ በፊት ኮፓው ይውረድ። ወረቀቱ ንጹህ ከሆነ ጎማ ሙሉና መንገድ ምረጡ፤ ደብተሩን፣ መለዋወጫ ቺንጊያና ቱቦ፣ አንድ ጀሪካን ውሃ ከኋላ ጫኑ።